ለዝቋላ ዜሮ

ሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ዛሬ ለአሥረኛ ክፍል ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ጀመርኩላቸው። በመጽሐፋቸው ውስጥ የለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት እሱን ስለነበር፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደዚህ ሲመድቡኝ ማስታወሻዬን ይዤ መጣሁ። እስከ ዛሬ ከሻንጣዬ አልወጣም ነበር።

ምሳሌ ያደረግሁላቸው አናጢ ነው። ጠረጴዛና ወንበር ይሠራል፤ እንጨቱም ቀኑም የተወሰነ ነው፤ ከየትኛው ስንት ቢሠራ ይበጀዋል? እያንዳንዱን ገደብ በግራፍ ላይ ታሰምራለህ፤ መስመሮቹ አንድ ሜዳ ያጥሩልሃል፤ የተሻለው መልስ ከሜዳው ማዕዘኖች በአንዱ ላይ ይገኛል።

«ሁልጊዜ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ሁልጊዜ» አልኳት።

ጥሩሐረግ ከአሥራ ሰባቱ ተማሪዎቼ አንደኛ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የዝቋላ ልጅ ናት፣ ከሰቆጣ ሁለት ቀን ወርዶ ካለው ቆላ፤ ወላጆቿ እዚያው ናቸው፤ እሷ እዚህ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። ስታሰላ ከንፈሯ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ይንቀሳቀሳል። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ግን እጇ አያመነታም። እኔ በሷ ዕድሜ እንዲህ አልነበርኩም።

እሁድ፣ መጋቢት 9

አቶ ገበያው ምሳ ጠሩኝ። የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ቤታቸው ስገባ ከወንበራቸው ብድግ አሉልኝ፤ ደብረ ታቦር ያለው አባቴ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

በኮረም በኩል ሦስት መቶ ኩንታል ስንዴ ገብቷል። ከዚህ ወዲያ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም፤ በበቅሎ ነው። ሠላሳ በቅሎ ለሃያ ቀን ከባለቤቶቹ ተገኝቷል። እህሉ ለሰቆጣ ዙሪያ ይሁን ወይስ ለዝቋላ፣ ወይስ ይከፈል፣ ስንት ስንት? ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ሦስት ጊዜ ተጣልቶ ተበትኗል።

«ሁሉም የኔን አገር አስቀድምልኝ እያለ ይጮህብኛል» አሉ። «አንተ ደግሞ ከዚህም ከዚያም አይደለህም። የተማርክ ልጅ ነህ። ሒሳብ ይፍረደን።»

«ረሃቡ የባሰው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ረሃብ አትበል፣ ልጄ። ችግር በል። የበላይ አካል ያንን ቃል አይወደውም።»

ስሸኝ በር ላይ ቆመው ስለ አገልግሎቴ ለዩኒቨርሲቲው የሚጻፈው ሪፖርት በሳቸው እጅ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው ያነሡት።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ቁጥሮቹ ከአቶ ገበያው መጡ። እንዳይጠፉብኝ እጽፋቸዋለሁ።

አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል። ሰቆጣ ዙሪያ ደርሶ መልስ አንድ ቀን። ዝቋላ ከነዕረፍቱ አምስት ቀን። ሠላሳ በቅሎ በሃያ ቀን፣ ስድስት መቶ የበቅሎ ቀን። አንድ ኩንታል ስምንት ሰው ለወር ያቆያል። ዝቋላ የሚሄደው ግን ስድስት ሰው ብቻ፤ በመንገድ ሣር ስለሌለ ሩቡን በቅሎዎቹ ይበሉታል።

ክፍል ልገባ ነው።

እሁድ፣ መጋቢት 16

ወጣልኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር ተቀመጥኩና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራሁት። ወደ ሰቆጣ ዙሪያ የሚሄደውን ኩንታል በአግድሙ፣ ወደ ዝቋላ የሚሄደውን በሽቅቡ አደረግሁ። ሁለት መስመር ነው ያለው፤ አንዱ የስንዴው፣ አንዱ የበቅሎው። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሦስት መቶው በሙሉ ለሰቆጣ ዙሪያ ቢሆን 2400 ሰው ይበላል። 225 ለሰቆጣ ዙሪያ፣ 75 ለዝቋላ ቢሆን 2250 ሰው። በቅሎው ሁሉ ዝቋላ ብቻ ቢመላለስ 120 ኩንታል ይደርሳል፤ 720 ሰው።

ስለዚህ ሦስት መቶው በሙሉ ለሰቆጣ ዙሪያ። ለዝቋላ ዜሮ። እንዲህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

ቤት ያከራዩኝ እማሆይ አመተ ሥላሴ ምስር ይለቅሙ ነበር። «ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰው የሚበላበትን መንገድ፣ እማሆይ።»

«ተመስገን። የቀሩትስ?»

«ለነሱ ሌላ ጭነት ይመጣል።»

«ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም። ግን ይመጣል እንጂ፤ እንዴት አይመጣም?

ሰኞ፣ መጋቢት 17

ጥያቄውን ለአሥረኛ ክፍል ፈተና አድርጌ ሰጠሁት። አገሮቹን «ሀ» እና «ለ» አልኳቸው። ተማሪ የሚያውቀው ቦታ ሲሆን ሐሳቡ ይበታተናል፤ ለዚህ ነው። ደግሞ የኔንም መልስ ማመሳከር ፈልጌ ነበር።

አራቱ ልክ አገኙት። ጥሩሐረግ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ግራፏ ከኔ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ማስመሪያ የሌላት ልጅ በደብተር ጠርዝ ነው ያሰመረችው። ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ «ለ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ወዴት ይሄዳሉ?» አለችኝ።

«ጥያቄው እሱን አይጠይቅም» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች።

አሥር ከአሥር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ለኮሚቴው አቀረብኩ። የጥሩሐረግን ግራፍ ነው ይዤ የሄድኩት። ስሟ ያለበትን ጫፍ ቆረጥኩት፤ ተማሪ ሠራው ቢባል ቁም ነገር አይመስላቸውም ብዬ። በ«ሀ» ላይ «ሰቆጣ ዙሪያ»፣ በ«ለ» ላይ «ዝቋላ» ብዬ በቀይ ቀለም ደረብኩበት።

ሁሉም አዳመጡኝ። ማንም አልተከራከረም። የዝቋላ ተወካይ የሆኑት ሽማግሌ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፤ ማንበብ የሚችሉ አይመስለኝም። «ሒሳቡ እንዲህ ካለ...» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

አቶ ገበያው ግርጌው ላይ አስፈረሙኝ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ስወጣ ከኋላዬ አንዱ፣ «በቅሎዎቹም ተረፉ» ሲል ሰማሁት። ተሳሳቁ። ቀልዱ አልገባኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

እህሉ ሲታደል ለማየት ሄድኩ። አንዲት ሴት ስንዴውን በነጠላዋ ተቀብላ አቅፋው ቆማ ነበር፤ የምትሄድበት የጠፋት ትመስል ነበር። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኩ በሆዴ። ውሸት አይደለም። እነዚህ ሰዎች በልተዋል። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ የምረሳው ከሆነ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ከዝቋላ በኩል ሰው እየመጣ ነው። ከከተማው መግቢያ ካሉት ዛፎች ሥር ይቀመጣሉ። ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። ስመለስ አልቆጠርኩም።

ጥሩሐረግ ሁለት ቀን ቀርታለች። አብረዋት የሚማሩት ከመጡት መካከል ዘመድ እየፈለገች ነው አሉኝ።

ሌላ ጭነት ይኖር እንደሆነ አቶ ገበያውን ጠየቅኋቸው። «ተጠይቋል» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

ጥሩሐረግ ዛሬ መጣች። ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲወጡ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«መምህር፣ ትናንት ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ ነበር። ከዛፎቹ ሥር ያገኘሁት ያባቴ ያጎት ልጅ፣ እናትሽ ደክማለች፣ ከመኝታ አትነሣም አለኝ። ለኛ አገር እህል መቼ ነው የሚሄደው ብዬ ልጠይቅ ነበር።»

ጠመኔውን ከእጄ አስቀመጥኩ።

«ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«በቀይ የተጻፈውስ? የርስዎ ጽሕፈት መሰለኝ።»

«የኔ ነው።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ደጋግሜ ሠራሁት» አለች። «ስህተት የለበትም። ግን ስድስት የሚለውን ቁጥር ማን ሰጠዎት?»

«ኮሚቴው።»

«ከነሱ ውስጥ ዝቋላ ጭነት ይዞ የሄደ አለ?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቁም?»

ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

ጠዋት ክፍል ሳልገባ ጓንጉል ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ጨውና እህል ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ነው፤ ዝቋላን እንደ ግቢው ያውቀዋል። በቅሎዎቹን ውሃ እያጠጣ አገኘሁት።

«በዝቋላ መንገድ በቅሎ ከጭነቷ ስንት ትበላለች?» አልኩት።

«ከጭነቷ?» ሳቀ። «ስንዴ ስትበላ አይቼ አላውቅም፣ መምህር። ቆላው ላይ የግራር ፍሬ አለ። ስንሰፍር እንፈታታለን፣ ስትለቅም ታድራለች። ድርቅም ቢሆን ግራር አያፈራም አይባልም።»

«ሩቡን ይበላሉ ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለህ?» ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። «እነዚያ ሠላሳ በቅሎዎች የማን እንደሆኑ አልነገሩህም? ግማሾቹ የአቶ ገበያው አማቾች ንብረት ናቸው። ለስሙ ሰጡ እንጂ በቅሎዎቻቸው ቆላ ወርደው እግራቸው እንዲሰበር አልፈለጉም። አንተን የሚያክል ሰው እዚህ ያለሁትን እኔን መጠየቅ አቃተው? ከትምህርት ቤትህ በር መቶ እርምጃ አልሞላም።»

ስድስቱን በስምንት ተክቼ እንደገና ሠራሁት። 300 እና ዜሮ፤ 2400። 225 እና 75፤ 2400።

እኩል ናቸው። አንድ ሰው እንኳ አይጎድልም ነበር። 75 ኩንታል፣ 600 የዝቋላ ሰው።

የሒሳቡ ዘዴ ስህተት የለበትም። ያገባሁበት ቁጥር ነው የተሳሳተው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነገ አቶ ገበያው ዘንድ እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

አልሄድኩም። የፈተና ወረቀት አርም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 13

የገበያ ቀን ነው፤ አቶ ገበያው ሰው በዝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይነገርም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ቢሮው ይከፈታል ግን ማንም ልብ ብሎ አይሠራም። ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። የአገልግሎቱ ሪፖርት የሚላክበት ቀንም ደርሷል መሰለኝ። በዚያ ምክንያት አይደለም።

ጥሩሐረግ ስታልፍ ሰላምታ ሰጠችኝ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 17

ከዛፎቹ ሥር ካሉት አራት ሰው ተቀበረ። እማሆይ ሰገዱ፣ ሰገዱ፣ መነሣት እስኪያቅታቸው። እኔም አብሬ ሰገድኩ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 21፣ ፋሲካ

አቶ ገበያው ለፈሰክ ጠርተውኝ ነበር። አሞኛል ብዬ ሰው ላክሁ።

እማሆይ ከፊቴ ያለውን አይተው፣ «ለምን አትበላም?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስድስቱን፣ ስምንቱን፣ የቆረጥኩትን የስሟን ጫፍ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ይህን ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?» አሉ።

«አሥር።»

ዳቦውን ከፊቴ አንሥተው ይዘው ወጡ። ከዛፎቹ ሥር ላሉት መሆኑን ከሄዱበት መንገድ አወቅሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 23

ሄድኩ።

«የሰጡኝ ቁጥር ልክ አይደለም» አልኳቸው። «በቅሎ በዚያ መንገድ ስንዴ አትበላም።»

አቶ ገበያው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሒሳቡን የሠራኸው አንተ ነህ።»

«ቁጥሩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«የፈረመውስ ማነው?» ወደ ግድግዳው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ፊርማዬ ከሩቅ ይታያል። «በቅሎዎቹ ለባለቤቶቹ ተመልሰዋል። ስንዴው አልቋል።»

«መጋዘኑ ውስጥ ሳይታደል የቀረ አሥራ ዘጠኝ ኩንታል አለ። ጠባቂውን ጠይቄያለሁ። አሥራ ሁለቱን ይስጡኝ፤ ጓንጉል አሥራ ሁለት በቅሎ አለው፣ እወርዳለሁ ብሏል።»

«ሪፖርትህ ገና አልተጻፈም፣ ልጄ።»

«ደስ እንዳለዎት ይጻፉት።»

ብዕራቸውን መልሰው አንሥተው ማዘዣውን ፈረሙልኝ። ሰው በከተማው በር ላይ እየሞተ ወደ ዝቋላ ጭነት ወጣ መባሉ ለሳቸውም የሚበጅ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ቀላል ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለዚህች ሩብ ሰዓት ከሐሙስ እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 26፣ ዝቋላ

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ተነሣን፣ ዛሬ ከሰዓት ደረስን። በቅሎዎቹ ግራሩ ሥር ፍሬ ለቀሙ። ጓንጉል አየኝ፤ ምንም አላለኝም። በመንገድ የተዘጉ ቤቶች አየሁ። ስለነሱ መጻፍ አልችልም።

እሁድ፣ ሚያዝያ 28

ሽማግሌዎቹ ስንዴውን ከኔ ተረክበው ራሳቸው አደሉት። መጀመሪያ መራመድ ለማይችሉት በየቤታቸው ላኩ፤ የቀረውን ለቆሙት። ግራፍ አልፈለጉም። ማን የት እንደተኛ ያውቃሉ።

አንድ ቀጠን ያሉ ሰው ወደኔ መጡ። ነጠላቸውን በሐዘን አደግድገዋል።

«ሰቆጣ አስተማሪ ነህ አሉኝ። ጥሩሐረግ የምትባል ልጅ ታውቃለህ?»

«አስተምራታለሁ።»

«አባቷ ነኝ። ገብረ አምላክ እባላለሁ።» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «ጎበዝ ናት ይሉኛል። እውነት ነው?»

«ከሁሉም አንደኛ ናት፣ አባቴ።»

«እናቷ ይህን ብትሰማ...» ጨርሰው አልተናገሩትም። ከዚያ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ወረቀቱን ነገ ይዤው ስለምሄድ ያሉትን እዚህ ገልብጬዋለሁ፤

«ለልጄ ለጥሩሐረግ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽ ደብሬ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት አረፈች። አንቺ ዘንድ ልትመጣ ተነሥታ ነበር፤ ወንዙ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፣ ተሸክሜ መለስኳት። በሰላም ነው የሄደችው፤ ስምሽን ጠርታለች። ለቅሶ ብለሽ እንዳትመጪ፣ መንገዱ ክፉ ነው። ትምህርትሽን እንዳትተዪ። አሁን እህል ደርሶልናል። ያመጣልን መምህርሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲረሳን እሱ አልረሳንም። እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ እዚህ መርቄዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ስለኔ ጉልበቱን ሳሚልኝ። አባትሽ ገብረ አምላክ።»

«ሰው ሁሉ ሲረሳን» የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «ቀለሙ አለቀ?» አሉኝ። አላለቀም አልኳቸው። ቀጠሉ፤ እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩ።

ልነግራቸው ነበር። አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 1

ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ጥሩሐረግን ጠርቼ ደብዳቤውን ሰጠኋት። የኔን ጽሕፈት ስታይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ማንበብ ጀመረች። የእናቷ ስም ያለበት ቦታ ላይ ቆመች። እስከ መጨረሻው አንብባ እንደገና ወደዚያው ተመለሰች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ቁጢጥ አለች። አጠገቧ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አላወቅሁም።

ቆይታ፣ «ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ አሥራ ስምንት ነው» አለች። «የመጀመሪያው ጭነት በመጋቢት ነው የተነሣው። በሁለት ቀን ይደርስ ነበር።»

«አዎ።»

በዚህ ልቆም እችል ነበር። ጥፋቱ የኮሚቴው፣ የቁጥሩ፣ የአቶ ገበያው ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ፊቷን እያየሁ አልሆነልኝም።

«ሌላም አለ» አልኳት። «ስድስት ብለሽ በጠየቅሽኝ ማግስት ጓንጉልን ጠየቅሁት። ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን አውቄያለሁ። በማግስቱ ብነሣ አሥራ ሦስት ላይ እደርስ ነበር። ፈራሁ። እስከ ሃያ ሦስት ዝም አልኩ።»

አላሰላችም። ማስላት አላስፈለጋትም። ደብዳቤውን በአራት አጠፈችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ተነሣች።

«አባቴ ጉልበትዎን ሳሚ ብሎኛል» አለች። «እሱን አላደርገውም።»

«አይገባኝም።»

«ግን ይህን ለአባቴ እንዳይነግሩት። አሁን የቀረው ነገር ቢኖር አንድ ሰው አልረሳንም ማለቱ ነው። ይመርቅዎት። እርስዎ ዝም ብለው ይመረቁ።»

ደወል ተደወለ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ክፍል ገባች። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የኔ ነበር። ጠመኔውን ይዤ ከበሩ ውጭ ብዙ ቆየሁ።